የመጠበቅ ዋጋ፦ ናርቫ ለምን አልተዋጋችም?

ከሶቪየት ኅብረት ፍርስራሽ በኦገስት 1991 ነጻነታቸውን ያወጁ ሁለት ትንንሽ አገሮች ልጥቀስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሁለቱም ምድር በሞስኮ ትእዛዝ የተተከሉ ትልልቅ ፋብሪካዎች፣ ፋብሪካዎቹን ተከትሎ የሰፈረ ሩሲያኛ ተናጋሪ ሕዝብ፣ ገና ያልወጣ የሩሲያ ጦርም ነበር። አንደኛዋ በግዛቷ ለሚኖር ሁሉ፣ ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ ሳትል ዜግነት ሰጠች። ሁለተኛዋ ዜግነትን በቀጥታ የሰጠችው ከ1940 በፊት ዜጋ ለነበሩትና ለተወላጆቻቸው ነው፤ ከነዋሪዋ አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆነው ባደረበት አገር ባዕድ ሆኖ ነጋበት። ከሁለቱ ጦርነት ውስጥ የገባችው የትኛዋ ናት?

አመክንዮ ሁለተኛዋን ይጠቁማል። ታሪክ ግን የመሰከረው በአንደኛዋ ላይ ነው። ለጋሷ ሞልዶቫ በ1992 ከዲኒስተር ወንዝ ማዶ ካለው ግዛቷ ጋር ተዋጋች፤ ብዙ መቶ ሰው ሞተ፣ ትራንስኒስትሪያ የሚባለው ያ ግዛትም እስከ ዛሬ በእጇ አልገባም። ቆንቋናዋ ኤስቶኒያ ግን ያንን አስጨናቂ ዘመን ያለ ጦርነት ተሻገረች።

እንቆቅልሹን ያነሣሁት በእኛ በዲያስፖራ ምሁራን መካከል ስለ ብሔር ግጭት በሚደረገው ክርክር ሁለት መልሶች ያለ ፈተና ሲያልፉ ስለማይ ነው። አንደኛው “ጥላቻው ሥር የሰደደ ነው” ይላል። ሁለተኛው “ፍትሕ ሳይቀድም ሰላም አይመጣም” ይላል። ሁለቱም የሞልዶቫንና የኤስቶኒያን ፈተና ይወድቃሉ። የመጀመሪያው ብዙም አያደክመን። በ1989ኙ የሶቪየት ሕዝብ ቆጠራ በትራንስኒስትሪያ ትልቁ ማኅበረሰብ ራሳቸው ሞልዶቫውያን ነበሩ፤ ከነዋሪው 40 በመቶ ያህል። ሩሲያውያኑ ከሩብ ብዙም አይርቁም። ከሞልዶቫ ሩሲያውያን መካከል አብዛኞቹ የሚኖሩት ከወንዙ ወዲህ፣ በኪሺናውና በሌሎች ከተሞች ነበር፤ እነርሱም ጠመንጃ አላነሡም። ሥር የሰደደ ጥላቻ ወንዝ ለክቶ የሚበቅል ከሆነ፣ ጥላቻ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው መልስ የተከበረ ነው፤ ስለዚህም የበለጠ ያሳስበኛል። በጥሩ ልብ የተነገረ ስሕተት ከክፉ ንግግር ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው። “መጀመሪያ ፍትሕ” የሚለው ሰው፣ ሳያስበው፣ የፍትሕ ጥያቄው ሳይመለስ ያለፈውን እያንዳንዱን የሰላም ቀን እንደ ክሕደት ይቆጥረዋል። የእኔ ክርክር ተቃራኒ ነው። ጦርነት የሚቀረው ባላንጣዎቹ ስለተፋቀሩ ወይም ስለተካሱ ሳይሆን፣ ጥያቄያቸውን ለነገ ማሳደር ርካሽ ስለሆነላቸው ነው። የመጠበቅ ዋጋ ከመዋጋት ዋጋ ሲያንስ ሰው ይጠብቃል። ሲበልጥ፣ ጥያቄው ትንሽም ቢሆን ይዋጋል።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ናርቫ ታሳየናለች። ናርቫ በኤስቶኒያ ሰሜን ምሥራቅ ዳር፣ በስሟ በሚጠራ ወንዝ ዳርቻ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከወንዙ ማዶ የሩሲያዋ ኢቫንጎሮድ ትገኛለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈርሳ ስትሠራ የቀድሞ ነዋሪዎቿ እንዲመለሱ ስላልተፈቀደ፣ ነጻነት በመጣ ጊዜ ከነዋሪዎቿ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆኑት ሩሲያኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። በጁን 1993 የኤስቶኒያ ምክር ቤት “የውጭ ዜጎች ሕግ” አጸደቀ። ሕጉ እነዚህን ሰዎች በገዛ ቤታቸው የመኖሪያ ፈቃድ ጠያቂ አደረጋቸው። ፈቃዱ ቢከለከልስ? ቢዘገይስ? ሕጉ አጥጋቢ መልስ አልነበረውም።

የናርቫና የአጠገቧ የሲላማኤ ምክር ቤቶች በኤስቶኒያ ውስጥ የራስ ገዝ አስተዳደር ለማወጅ ሕዝበ ውሳኔ ጠሩ። ለጦርነት የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ተሟልቶ ነበር፦ የተሰበሰበ ሕዝብ፣ ጠረፍ፣ ባዕድ ጦር፣ ስድብ የሚመስል ሕግ፣ ከሞስኮም የሚሰማ ዛቻ። ከዚያ የሆነው ግን አሰልቺ ነው፤ ጀግና የለበትም፣ ፊልም አይሠራበትም። ፕሬዚዳንት ሌናርት ሜሪ ሕጉን ከመፈረማቸው በፊት ለአውሮፓ ምክር ቤት እና በአውሮፓ የጸጥታና የትብብር ጉባኤ የአናሳ ብሔረሰቦች ከፍተኛ ኮሚሽነር ለነበሩት ለማክስ ፋን ደር ስቱል አስተያየት ላኩት። በአስተያየቱ መሠረት የምክር ቤቱ አባላት በጁላይ ሕጉን አሻሽለው ለነባር ነዋሪዎች የተሻለ ዋስትና አስገቡበት። ፋን ደር ስቱል በታሊንና በናርቫ መካከል ተመላለሱ። የተገኘው ስምምነት ሁለት ዓረፍተ ነገር አይሞላም፦ መንግሥት ሕዝበ ውሳኔውን ሕገ ወጥ ነው ቢልም በኃይል አያግድም፤ የከተሞቹ ምክር ቤቶች ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጉዳዩ ላይ የሚሰጠውን ብያኔ ይቀበላሉ።

ጁላይ 16 እና 17 ድምፅ ተሰጠ። በናርቫ ከመራጩ ከግማሽ ጥቂት የሚበልጠው ወጣ፤ ከወጣው 97 በመቶው “አዎ” አለ። በኦገስት 11 ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሻረ። የከተሞቹ ምክር ቤቶችም ቃላቸውን ጠበቁ። ሕዝቡ የልቡን ተናገረ፣ መንግሥት ሕጉን አስከበረ፣ ማንም ፊቱን ሳያጠቁር ወደ ቤቱ ገባ።

ቃል መጠበቃቸው ለምን አዋጣቸው? ይህን የምንጠይቀው የሙያዬ ሰዎችና የፖለቲካ ሳይንቲስቶች ጦርነት የሚያመጣው ምን እንደሆነ ጥሩ መላ ምት ስላላቸው ነው። ጄምስ ፊሮን በክሮኤሺያ ሰርቦች ምሳሌነት እንዳስረዳው፣ አዲስ አገር ሲመሠረት አናሳው ማኅበረሰብ የሚፈራው የዛሬውን ሳይሆን የነገውን ነው። ብዙኃኑ ዛሬ የሚገባው ቃል ነገ፣ ጦሩንና ፖሊሱን ሲያደራጅ፣ የሚያስገድደው አይኖርም። ስለዚህ አናሳው “አቅም ሳለኝ ዛሬ ልዋጋ” ይላል። አመክንዮው ጥርት ያለ ነው። ችግሩ ግን በዚሁ ስሌት ናርቫ መንደድ ነበረባት። ዴቪድ ላይቲን በ1998 ባሳተመው መጽሐፍ በኤስቶኒያ፣ በላትቪያ፣ በዩክሬንና በካዛኽስታን ያሉ ሩሲያኛ ተናጋሪዎችን አጥንቶ ያገኘው ሌላ ሥዕል ነው፦ እያንዳንዱ ቤተሰብ፣ ሌላው ቤተሰብ ምን ያደርጋል እያለ፣ ልጁን የኤስቶኒያ ቋንቋ ማስተማር ይሻለው እንደሆነ ያሰላል። ፊሮን ያየው ሠራዊት የሚመስል ማኅበረሰብን ነው፤ ላይቲን ያየው እናትና አባትን ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ድልድይ፣ በእኔ አስተያየት፣ የመጠበቅ ዋጋ ነው።

ዋጋውን እንቁጠረው። የናርቫ ሰው ፓስፖርት አልነበረውም፤ ቤቱ ግን በእጁ ነበር። ጡረታውና ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም የሚከፈለው በክሮን ነው፤ ክሮን በጁን 1992 ከወጣ ጀምሮ ስምንቱ በአንድ የጀርመን ማርክ ተቆርጦ የተተከለ ገንዘብ ነበር። ከድልድዩ ማዶ ያለው ሩብል ደግሞ በዚያው ዓመት ከ2,000 በመቶ በላይ በሆነ የዋጋ ንረት ቀልጧል። የናርቫ ጡረተኛ ይህን ለመረዳት የኢኮኖሚ ትምህርት አላስፈለገውም፤ ድልድዩን ተሻግሮ ዳቦ መግዛት በቂ ነው። ከሁሉ በላይ የ1992ቱ ሕገ መንግሥት ዜጋ ላልሆነ ቋሚ ነዋሪ በአካባቢ ምርጫ የመምረጥ መብት ሰጥቶታል። በብሔራዊ ምክር ቤት ድምፅ የለውም፤ የከተማውን ትምህርት ቤት፣ ውኃና የመኖሪያ ሕንፃ የሚያስተዳድረውን ምክር ቤት ግን ራሱ ይመርጣል። የጎደለው ብዙ ነው፤ የያዘው ግን ቢዋጋ የሚያጣው ነው። የእኛ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚላት ሴት ናርቫ ውስጥ አልተገኘችም፤ ምክንያቱም በብብቷ የያዘችው ነገር ነበር።

“ሀብት ነው ያዳናቸው” የሚል አይጠፋም። የዛሬዋን ዲጂታል ኤስቶኒያ ወደ ኋላ እያነበበ ነው። በ1992 የኤስቶኒያ የዋጋ ንረት ራሱ ከ1,000 በመቶ በላይ ነበር፤ ፋብሪካዎቿ ገበያ አጥተው ነበር። የአውሮፓ ኅብረት አባልነት ማመልከቻ የገባው በ1995 መጨረሻ ነው። ያዳናቸው ብልጽግና ሳይሆን ከጎረቤት የተሻለ ነገር ይመጣል ብሎ ለማመን የሚያበቃ ትንሽ ማስረጃ ነው።

አሁን ወደ ሞልዶቫ እንመለስ፤ ምክንያቱም ሞልዶቫ ውስጥ አንድ ሳይሆን ሁለት ተገንጣዮች ነበሩ። በደቡብ ያሉት ጋጋኡዞች ቱርክኛ ቀመስ ቋንቋ የሚናገሩ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ቁጥራቸው 150 ሺህ ያህል። በኦገስት 1990፣ ትራንስኒስትሪያ ከማወጇ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው፣ የራሳቸውን ሪፐብሊክ አወጁ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር በጠቅላይ ሚኒስትር ሚርቻ ድሩክ ጥሪ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፈቃደኞች በአውቶቡስ ወደ ጋጋኡዝ መንደሮች ተመሙ፤ የሶቪየት ወታደሮች በመካከል ባይቆሙ ኖሮ ደሙ የሚፈሰው በደቡብ ነበር። አንድ መንግሥት፣ አንድ የቋንቋ ሕግ፣ አንድ ቁጣ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ደቡቡ በስምምነት ተቋጨ፣ ምሥራቁ በመድፍ ተከፈለ።

ልዩነቱን በማን ኪስ ምን እንደነበረ ፈትሸን እናገኘዋለን። የትራንስኒስትሪያ አመፅ መሪዎች የፋብሪካ ሥራ አስኪያጆች ነበሩ። ኢጎር ስሚርኖቭ ወደ ቲራስፖል የመጣው በ1987 ነው፤ የመጣውም አንድ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ፋብሪካ ሊመራ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው የኦገስት 1989ኙ የቋንቋ ሕግ የባህል ጥያቄ አይደለም፤ ወንበሩ ነው። ሥራ ኃላፊዎች የአገሩን ቋንቋ እንዲያውቁ ሕጉ ቀነ ገደብ አበጅቷል። በዚያ ላይ በኪሺናው አደባባይ ከሩማንያ ጋር የመዋሐድ መፈክር ይሰማ ነበር። የመዋሐዱን ፍርሃት ከሌሎቹ ሁሉ የሚለየው የማይመለስ መሆኑ ነው። ሕግ ይሻሻላል፤ ፓርቲ ይሸነፋል፤ አገርህ ከሌላ አገር ጋር ከተዋሐደ በኋላ ግን አቤት የምትልበት ደጅ ራሱ አይኖርም። ለቲራስፖል ሰዎች መጠበቅ ማለት የማይከፈተው በር ሲዘጋ ቆሞ ማየት ነበር። ዜግነት ተሰጥቷቸዋል፤ የተሰጣቸው ዜግነት ግን ነገ ሊኖር ላይኖር የሚችል አገር ዜግነት ነው። የሞልዶቫ ልግስና ያልሠራው ለዚህ ነው።

ለጋጋኡዞች የተሰጠው መልስ ግን ይህንኑ ፍርሃት ስሙን ጠርቶ የነካ ነው። በማርች 1994 በተደረገ የሕዝብ አስተያየት ድምፅ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሞልዶቫዊ የአገሩን ነጻነት ደገፈ፤ የውሕደቱ ጥያቄ ቀዘቀዘ። በዲሴምበር 23 ቀን 1994 የወጣው የጋጋኡዝ ልዩ አስተዳደር ሕግ ደግሞ በመጀመሪያው አንቀጹ እንዲህ ያለ ሐሳብ አሰፈረ፦ ሞልዶቫ እንደ ነጻ አገር ያላት አቋም ከተለወጠ፣ የጋጋኡዝ ሕዝብ የራሱን ዕድል በውጭ የመወሰን መብት ይኖረዋል። ሞልዶቫ እስካለች እንኖራለን፤ ሞልዶቫ ከጠፋች በሩ ክፍት ነው። በሩ ሲዘጋ ቆሞ ማየት ያለው ስጋት በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነቀለ። በማግሥቱ ዓመት ማርች መንደሮቹ የራስ ገዙ አካል ለመሆንና ላለመሆን ድምፅ ሰጡ፤ ጋጋኡዝ ግማሽ ያልሆነበት መንደር በግድ አልተካተተም። ካርታው የተሠራው በመንደር እንጂ በጄኔራል እርሳስ አልነበረም።

ጠንካራውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፦ ይህ ሁሉ ወሬ ነው፤ ትራንስኒስትሪያ የሩሲያ 14ኛ ጦር ነበራት፣ ጋጋኡዞች አልነበራቸውም። ግማሹ እውነት ነው። በቲራስፖል አካባቢ የነበረው የጦር መሣሪያ ክምችት የመዋጋትን ዋጋ አርክሶታል፤ በጁን 1992 በቤንደሪ ከተማ የነበረውን ውጊያ ተከትሎ ጦሩ በጄኔራል አሌክሳንደር ሌቤድ መሪነት በግልጽ ጣልቃ ገባ፤ በጁላይ 21 የተኩስ ማቆሙን ስምምነት ከሞልዶቫው ፕሬዚዳንት ጋር የፈረሙት የልሲን ነበሩ። ነገር ግን ናርቫ ድምፅ በሰጠች ጊዜ የሩሲያ ጦር በኤስቶኒያም ነበር፤ ሙሉ በሙሉ የወጣው በኦገስት 31 ቀን 1994 ነው። በተጨማሪም ጠመንጃ ብቻውን አያዋጋም፤ ጠመንጃውን ተቀባይ የሚሆን፣ ነገ የጨለመበት ሰው ያስፈልጋል። የውጭ ኃይል ሚዛኑን ሊያዛባ ይችላል የሚለውን ግን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ክራይሚያ ምስክር ናት። በ1994 ሩሲያን የሚወድ ፕሬዚዳንት መርጣ፣ በማርች 1995 ኪየቭ ያንን የፕሬዚዳንትነት ሥልጣን በሕግ ስትሽር፣ ጉዳዩ በድርድርና በአዲስ የራስ ገዝ ሕገ መንግሥት ተቋጭቶ ሃያ ዓመት ያህል ኖረች። በ2014 ያፈረሰው የሩሲያ ጦር ነው። ይህ የመጀመሪያው ሰላም ሐሰት እንደነበር አያሳይም።

ካዛኽስታን ሌላ መንገድ ናት፤ እዚያ ያልተመቸው ሰው ሻንጣውን አነሣ። በ1989 ከሕዝቡ 38 በመቶ ገደማ የነበሩት ሩሲያውያን በ1999 ወደ 30 በመቶ ወረዱ። መውጫ ያለው ሰው አይዋጋም። ይህን ለስደተኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የናርቫ ሰላም ፍትሐዊ ነበር አላልኩም። በኤስቶኒያ “ዜግነቱ ያልተወሰነ” የሚባል፣ ግራጫ ፓስፖርት የያዘ ሰው ሆኖ ማርጀት ምን እንደሆነ፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ከመጽሐፍ አትማሩትም፤ በዋሽንግተን ግሪን ካርድ ይዞ ግብር እየከፈለ የማይመርጠው፣ በሪያድ ኢቃማው በአሠሪው እጅ የሆነው ያውቀዋል። እንደምታውቁትም ሁለቱ አንድ አይደሉም። ግሪን ካርድ የያዘው ይጠብቃል፤ ቀኑ ሲደርስ ይምላል። የኢቃማው ባለቤት የሚጠብቀው ነገር የለም። ፍትሕ የጎደለው ሁሉ እኩል አይጎድልም፤ ተስፋ ያለው ጉድለትና ተስፋ የሌለው ጉድለት ለፖለቲካ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ1992 ዜግነት ያልነበረው የኤስቶኒያ ነዋሪ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነበር፤ ዛሬ ወደ 5 በመቶ ወርዷል። ከፊሉ የቋንቋ ፈተናውን አልፎ፣ ከፊሉ የሩሲያ ፓስፖርት ወስዶ፣ ከፊሉ ሄዶ፣ ከፊሉም ሞቶ። ፍትሑ ዘግይቶ፣ ተሸራርፎ፣ ያኔም ለሁሉም ሳይዳረስ መጣ። ጦርነት መጥቶ ቢሆን ግን ይህም ባልመጣ ነበር፤ ትራንስኒስትሪያ ውስጥ የአልፈረመም የአልሞተም ዓይነት ኑሮ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

የእኛም አገር ሕገ መንግሥት መውጫ በር አለው፤ በእኛ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚነሣውም እርሱ ነው። አንቀጽ 39 ከሶቪየት የብሔር ፖለቲካ አስተሳሰብ መወለዱ የታወቀ ነው፤ የ1977ቱ የሶቪየት ሕገ መንግሥትም ለሪፐብሊኮቹ የመገንጠል መብት ሰጥቶ ነበር። አንዳንዶች አንቀጹን እንደ መድን ያዩታል፣ ሌሎች እንደ መርዝ። በእኔ መለኪያ ጥያቄው ሌላ ነው፦ የማንን የትኛውን ፍርሃት ያረጋጋል? የጋጋኡዙ አንቀጽ ከአንድ ተጨባጭ አደጋ ጋር የታሰረ ነው፤ አደጋው ካልመጣ በሩ አይነካም። የእኛው ከምንም አደጋ ጋር አልታሰረም። ሁለት ሦስተኛ የምክር ቤት ድምፅና በሦስት ዓመት ውስጥ የሚካሄድ ሕዝበ ውሳኔ ይጠይቃል፤ በማንኛውም ጊዜ፣ በማንኛውም ምክንያት። በክልል ውስጥ ያለ አናሳ ነገ ምን እንደሚደርስበት አይነግረውም፤ በማዕከል ያለውንም አያረጋጋም። እንግዲህ የመጠበቅን ዋጋ ለማንም ሳያረክስ ሥጋትን ለሁሉ ያደለ በር ነው ማለት ነው። ይህን ለማሻሻል ጥላቻን ማጥፋት ወይም ታሪክን ማስታረቅ አይጠበቅብንም፤ የማን ቤት፣ የማን ደመወዝ፣ የማን የቀበሌ ድምፅ በምን ሁኔታ እንደማይነካ በጽሑፍ ማሰር ይቻላል። “አሁን ወይም መቼም” እያልን ከባሕር ማዶ የምንልካቸው መግለጫዎች ግን የሚሠሩት በተቃራኒው ነው፤ መጠበቅን በየቀኑ ያስወድዳሉ፣ ክፍያውም በእኛ ሂሳብ አይመጣም።

ናርቫ ዛሬም እየተፈተነች ነው። ሩሲያ ዩክሬንን በ2022 ከወረረች በኋላ ኤስቶኒያ በኦገስት የናርቫን የሶቪየት ታንክ ሐውልት አነሣች፤ ከ2024 ጀምሮ የሩሲያኛ ትምህርት ቤቶችን ደረጃ በደረጃ ወደ ኤስቶኒያ ቋንቋ ማዛወር ጀመረች። ሁለቱንም እረዳለሁ። በማርች 2025 ግን ምክር ቤቱ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ የሩሲያና የቤላሩስ ዜጎችን የአካባቢ ምርጫ ድምፅ ነጠቀ፤ አገር አልባዎቹም በዚያው ዓመት ኦክቶበር ለመጨረሻ ጊዜ እንዲመርጡ ተደረገ። በወራሪ ጎረቤት አጠገብ ያለ መንግሥት ስጋት አይፈረድበትም፤ ኤስቶኒያ ዛሬ የኔቶ አባል ናት፣ በግዛቷም የሩሲያ ጦር የለም፣ ስለዚህ ናርቫ ትነዳለች ብዬ አልተነብይም። ነገር ግን የ1993ቱ የናርቫ ነዋሪ በብብቱ ከያዛቸው ነገሮች ለመንግሥት እጅግ ርካሹ ያ የከተማ ምክር ቤት ድምፅ ነበር፤ የተወሰደውም እርሱ ነው።